መልካው ላይ ማን ይጠይቃል?

ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በዮርዳኖስ የአቃባ ወደብ አንድ ክሬን ታንከር አንጠልጥሎ ወደ መርከብ ይጭናል። ታንከሩ በግፊት ፈሳሽ የተደረገ 25 ቶን ያህል ክሎሪን ይዟል። ገመዱ ተበጠሰ። ታንከሩ መርከቡ ላይ ወድቆ ተቀደደ፤ ሰው አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ ደማቅ ቢጫ ደመና መርከቡንም ወደቡንም ዋጠው። ካሜራ የቀረጸው ምስል ዓለምን ሲዞር ሠራተኞች ከደመናው ለማምለጥ ሲሮጡ፣ ደመናው ደግሞ ወደ ሰማይ እንደመውጣት መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ሲከተላቸው ይታያል። 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከ250 በላይ ተጎዱ። የዓለም የዜና ማሰራጫዎች በአንድ ሐረግ ጠቅሰውት ያለፉት ጉዳይ ግን ከድሬዳዋው መልካ ጀብዱ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ ይልቅ ቆም የሚያሰኝ ነበር፦ ጭነቱ የሚሄደው ወደ ጅቡቲ ነው።

ጅቡቲ የሚራገፍ ዕቃ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው ማለት አይደለም። ከውጭ የሚገባልን ዕቃ አብዛኛው በዚያ እንደሚያልፍ ግን ማንም ያውቃል። ከአቃባው አደጋ 48 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የመልካ ጀብዱ ሜዳ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ይዟል፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲው አዲስ የባቡር ሐዲድም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል። ድሬዳዋ ዱሮውንም የመተላለፊያ ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ሐረር መውጣት አቅቶት ከተራራው ሥር ሲቆም ነው ከተማ የሆነችው። «መልካ» ደግሞ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሰውም ከብትም ሸቀጥም ከወዲህ ወዲያ የሚያልፍበት። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለዚሁ ስለ መሻገሪያው ነው። መርዛማ የኢንዱስትሪ ጋዝን መሣሪያ ወይም እልቂት የሚያደርገው ስሙ ወይም ጠረኑ አይደለም፤ መሻገሪያው ላይ ምንድን ነህ፣ ስንት ነህ፣ ለማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው ሲታጣ ነው። ኢትዮጵያ ይህን በደም ከተማሩ አገሮች አንዷ ናት፤ ትምህርቱን ግን የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ዘግተንበት ከወደብና ከጉምሩክ ጋር ሳናገናኘው ቀርተናል።

ስለ ጋዞቹ ትንሽ እንበል። ክሎሪን እንግዳችን አይደለም። ልብስ የምናነጣበት በረኪና የሚሠራው ከእሱ ነው፤ የውሃ አጋር ጠብታም፣ የከተማ ውሃ የሚታከምበት ዱቄትም የእሱ ዘር ናቸው። ንጹሑ ጋዝ ግን አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል የሚከብድ ነው። ዓይንና ሳንባ ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ ሰውን የሚያቃጥለው በራሱ ውሃ ነው። ፎስጂን ከዚህም ይብሳል። እንግሊዛዊው ጆን ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1812 ለይቶ ያወቀው፣ ክሎሪንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ፀሐይ ላይ አገናኝቶ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ደግሞ በክረምት ምሽት የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው የተኙትን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ስሙ በግሪክኛ «ከብርሃን የተወለደ» ማለት መሆኑ እንደ ፌዝ ይሰማል። ጠረኑ አዲስ የታጨደ ሣር ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው ሽታው ሲደርሰው ግን ጋዙ ከሚጎዳው መጠን አልፏል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው። የተነፈሰው ሰው ትንሽ ስሎት ደህና ነኝ ይላል፣ ሥራውን ይቀጥላል፣ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሳንባው ውሃ ይሞላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓለም ያለ ፎስጂን መኖር አልቻለም። የስፖንጅ ፍራሽ፣ የመነጽር መስታወትን የተካው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ብዙ ዓይነት የፀረ ተባይና የማቅለሚያ ኬሚካሎች በመሠራታቸው መንገድ ላይ ፎስጂን አለ። ዛሬ ማታ ከምንተኛበት ፍራሽ ጀርባ ምናልባት እሱ ነበር።

ከፋብሪካ ወደ ጦር ሜዳ ያለው መንገድ አጭር እንደሆነ ያሳየው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሀበር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከ5,700 በላይ ሲሊንደሮች ተከፍተው 168 ቶን ያህል ክሎሪን በነፋስ ወደ ፈረንሳዮች ምሽግ ተለቀቀ። ለዚያ ቀን ተብሎ የተፈለሰፈ ነገር አልነበረም፤ የጀርመን የማቅለሚያ ፋብሪካዎች ክሎሪኑን ከዱሮም ያመርቱት ነበር። የተለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፎስጂን ተጨመረበት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኬሚካል መሣሪያ ከሞቱት ከመቶ ሰማንያ አምስቱን ያህል የገደለው እሱ መሆኑ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ እዚያው ኢፕር ላይ ተተኮሰ። ጣሊያኖች «ኢፕሪት» እያሉ የሚጠሩት በከተማዋ ስም ነው፤ ከ18 ዓመት በኋላ ተከዜ ላይ የወረደውም ያው ስም ነው።

የኢትዮጵያን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ ማይጨውንና ተከዜን እንጠራለን፤ ትክክል ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የራስ እምሩ ጦር ላይ ከጣሊያን አውሮፕላን የወረዱት ቦምቦች እያንዳንዳቸው 212 ኪሎ ግራም ኢፕሪት ይዘው፣ መሬት ሳይነኩ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየፈነዱ እንደ ካፊያ የሚዘንቡ ነበሩ። በባዶ እግሩ የሚዘምት ሠራዊት ሣሩን ሲረግጥ እግሩ ይላጥ ነበር፤ ወንዝ ወርዶ የጠጣ አንጀቱ ይቃጠል ነበር። ነገር ግን የደቡቡ ግንባር፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚያመጣው መንገድ፣ በዚህ ትረካ ውስጥ ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ለጋዝ የመጀመሪያው የሙሶሊኒ ፈቃድ የተላከው ግን ለሰሜኑ አዛዥ አልነበረም። ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለደቡቡ አዛዥ ለግራዚያኒ በተላከ ቴሌግራም፣ በኦጋዴን ጎራሄ ላይ ለሚደረገው ውጊያ፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ ጋዝ መጠቀም ተፈቀደለት። የሰሜኑ አዛዥ ባዶልዮ በሰፊው እንዲጠቀም የተፈቀደለት ታኅሣሥ 18 ቀን ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የሚያዙትን ጨምሮ በደቡቡ ግንባር ላይ ኢፕሪት ብቻ ሳይሆን 300 ያህል የፎስጂን ቦምብ ተጥሏል። ፎስጂን፣ ያ የማቅለሚያ ፋብሪካው ጋዝ። ደጃዝማች ነሲቡ ከስደት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳንባቸው ታሞ አረፉ፤ ሕመማቸውን ከጋዙ ጋር ያያያዙት ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ለድሬዳዋ ሰው የአደባባይ ታሪክ ነው። መጋቢት 20 ሐረር በቦምብ ጋየች፤ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ጉዞ ጀመሩ፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣው የባዶልዮ ጦርና ከደቡብ የመጣው የግራዚያኒ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም በጋዝ መንገድ ጠርገው የመጡ ሠራዊቶች ሐዲድ ላይ ሲጨባበጡ ማለት ነው።

አሁን ወደ መሻገሪያው ጉዳይ እንምጣ። ኦጋዴን ላይ የፈነዳው ፎስጂን ሶማሊያ ውስጥ አልበቀለም። ጣሊያን ውስጥ ተመርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በስዊዝ ካናል አልፎ፣ ምፅዋና ሞቃዲሾ የተራገፈ ነው። ካናሉ የማን ነበር? የሚያስተዳድረው ኩባንያ አክሲዮን በብሪታንያና በፈረንሳይ እጅ ነበር፤ በዳርቻው የሰፈረው የብሪታንያ ጦር ነው። ሁለቱም ደግሞ ጣሊያን ወራሪ ናት ብሎ በፈረደው የመንግሥታት ማኅበር ውስጥ የበላይ ነበሩ። ማኅበሩ ከኅዳር ጀምሮ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ አስቀረ፤ ካናሉም ክፍት ሆኖ ቆየ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀች አገር ነበረች። ሕጉ ነበረ፣ ፊርማው ነበረ፣ በሩም ነበረ። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ቆመው የዝናቡን መርዝ ሲናገሩ፣ መርዙ በየትኛው በር እንዳለፈ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ መንግሥት ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የጣሊያን ወገን የሰጠው መልስ ነበረ፤ መልሱን መመርመር ይጠቅማል። ጋዙ የበቀል እርምጃ ነው ተባለ፤ ምክንያቱም ደገሃቡር አካባቢ የወደቀ ጣሊያናዊ አብራሪ፣ ቲቶ ሚኒቲ፣ ተገድሏል። አብራሪው የተገደለው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። የሙሶሊኒ ፈቃድ ግን ከዚያ ሁለት ወር የቀደመ ነው፤ ተከዜ ላይ የዘነበውም ከዚያ አራት ቀን በፊት ነው። በቀል ከበደል ቀድሞ አይመጣም። የቴሌግራሙ ቀን ባይኖር ኖሮ ግን ይህ ሰበብ እስከ ዛሬ በቁም ነገር ይነገር ነበር። እውነቱን ያተረፈልን መዝገብ ነው። ያም ቢሆን አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ለዓመታት ተሟግቶ፣ ኢንድሮ ሞንታኔሊን የመሰለ ስመ ጥር ጋዜጠኛ «አላየሁም፣ አልነበረም» እያለ ተከራክሮት፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ለፓርላማቸው ያመኑት እ.ኤ.አ. የካቲት 1996 ነው። ስድሳ ዓመት። በዚህ መሀል፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ በጋዝ የታፈኑት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው አጽም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያቋርጠኝ ይችላል፤ ደግሞም መብቱ ነው። በኢትዮጵያ ላይ ከወረደው የሚበዛው ኢፕሪት ነው፤ ኢፕሪት ደግሞ ለመግደል ተብሎ የሚሠራ እንጂ ፋብሪካ የሚፈልገው ጋዝ አይደለም፤ ታዲያ ስለ ነፃ የንግድ ቀጠና ማውራት ምን አመጣው? እውነት ነው፣ ልዩነቱ መካድ የለበትም። ኢፕሪት በስሙ ሊከለከል ይችላል፤ ማንም መርከብ ላይ ለሰላማዊ ሥራ ነው ብሎ ሊጭነው አይችልምና። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። ኦጋዴን ላይ የወደቁት የፎስጂን ቦምቦች ያን ያህል ብዙ ባይሆኑም ከኢፕሪቱ ይልቅ የዛሬውን ጥያቄ የሚያነሡልን ለዚህ ነው። ፎስጂኑን ከነበርሜሉ ብታየው የሚናገረው የለም፤ ማቅለሚያም ሊሆን ይችላል፣ ሬሳም። የሚለየው ሰነዱ ብቻ ነው።

የኬሚካል መሣሪያዎች ስምምነት ይህን ተረድቶ የተጻፈ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱ ለፊርማ በቀረበ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1993፣ ፈርማ ግንቦት 1988 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ በሥራ ላይ የዋለው በዓመቱ ነው። የጄኔቫው ፕሮቶኮል የሚከለክለው መጠቀምን ነበር፤ ማምረትንና ማከማቸትን አልነካም፣ የሚመረምርም አላቆመም። አዲሱ ስምምነት ሁሉንም ከልክሎ ዘ ሄግ ላይ መርማሪ ድርጅት አቆመ። ኬሚካሎቹን በሦስት መዝገብ ከፈላቸው፤ ኢፕሪት መጀመሪያው ላይ ነው፣ ፎስጂን ሦስተኛው ላይ፤ በብዛት ስለሚመረት ማገድ አይቻልም፣ መታወቅ ግን አለበት። ክሎሪን በየትኛውም መዝገብ የለም። ተረስቶ አይደለም፤ በየከተማው የውሃ ጣቢያ ያለውን ነገር መዝግቦ መጨረስ አይቻልማ። ይሁንና ሕጉ ማንኛውም መርዛማ ኬሚካል፣ ስሙ ይኑር አይኑር፣ ላልተከለከለ ዓላማና ለዓላማው በሚመጥን ዓይነትና መጠን ካልተያዘ የኬሚካል መሣሪያ ነው ይላል። ይህች አንቀጽ በእኔ ግምት ከስምምነቱ ሁሉ ጥበበኛዋ ናት። ጥፋቱን ከቁሱ ላይ አንሥታ ከሰውየው ሐሳብና ከመጠኑ ላይ ታኖረዋለች። ግን አንድ ጉድለት አለባት፤ ዓላማና መጠን የሚታወቁት የሚጠይቅ ካለ ብቻ ነው።

ወረቀት ምን ያደርጋል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ጣሊያን ፈርማ ነበር። ሶሪያም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ስምምነቱን ተቀብላ ሳለ በሚያዝያ 2018 ዱማ በተባለች ከተማ ቤት ጣሪያ ላይ የክሎሪን ሲሊንደሮች ተጥለው 43 ሰዎች ሞተዋል፤ የዘ ሄጉ ድርጅት መርማሪዎች በጥር 2023 ባወጡት ዘገባ የጣለው የሶሪያ አየር ኃይል ሄሊኮፕተር መሆኑን ለማመን በቂ ምክንያት አለ ብለዋል። ቆርጦ የተነሣን መንግሥት መዝገብ አያቆመውም፤ ይህን ማመን አለብን። ነገር ግን ሁለቱን ጉዳዮች አስተያዩ። ለኢትዮጵያ ተጠቂዎች የእምነት ቃሉ የመጣው በ60 ዓመት ነው፤ ለዱማ ሰዎች ወንጀለኛው በስሙ የተጠራው አምስት ዓመት ሳይሞላ ነው። መርማሪ አካል፣ የናሙና ሰንሰለት፣ የሲሊንደር ፎቶግራፍ የፈጠሩት ልዩነት ይህ ነው። የታወጀው የዓለም የኬሚካል መሣሪያ ክምችትም፣ ከ72,000 ቶን በላይ የነበረው፣ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው አሜሪካ ውስጥ ተወግዶ አልቋል። ወረቀት ብቻውን ከንቱ ነው፤ ወረቀት ከነጠያቂው ግን ይህን ያህል ሠርቷል።

ሌላው ወገን ደግሞ ከተቃራኒው ይመጣል፦ ክሎሪን ነፍስ አዳኝ ነው፤ በላዩ ላይ ቁጥጥር ማብዛት ኮሌራ መጥራት ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ያለ ክሎሪን ይጠጣ የሚል ሰው ካለ ሰላሙን አልመኝለትም። እኔ የምለው ግን ይታገድ አይደለም፣ ይታወቅ ነው። ዱቄቱን ለውሃ ጣቢያ የሚያስመጣ ሰው ስንት ኩንታል፣ የት መጋዘን፣ ለየትኛው ጣቢያ ብሎ ማስመዝገብ አያከስረውም። እንዲያውም ዱቄቱና ፈሳሹ ጋዝ በአንድ «ክሎሪን» በሚል ቃል ስለሚጠሩ ነው ሰው የሚሳሳተው። የመጀመሪያው በከረጢት ተሸክሞት ሊሄድ የሚችል ነው፤ ሁለተኛው አቃባን ያሳየን ነው።

ከጦርነት ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ ጦርነት የሌለበት ቀን ነው። ኅዳር 1977 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ሰዎችን የገደለው ጋዝ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ነበር፤ የሚሠራውም ከፎስጂን ነው። ማንም ሊገድላቸው አላሰበም። የተኙት ሰዎች ከፋብሪካው አጥር ሥር የሰፈሩ ድሆች ነበሩ፤ አጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። ሰው በተኛበት የሚመጣን ነገር ድሬዳዋ ታውቃለች። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከአየር የሚከብድ ጋዝም እንደ ጎርፍ ነው፤ ዝቅ ያለውን እየፈለገ ወደ ፈፋው፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ተኛው ሰው ይወርዳል። ልዩነቱ ጎርፍ መጮሁ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠና ዙሪያ መንደር ይሰፋል፤ ሥራ ባለበት ሰው ይሰፍራልና። መልካ ጀብዱም ከዚህ ሕግ ውጭ አትሆንም።

ድሃ አገር ነን፣ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚለውን የመጨረሻ መልስ ለመቀበል እቸገራለሁ። የሚያስፈልገው ሳተላይት አይደለም። የሚያልፈው አደገኛ ኬሚካል ዝርዝርና መጠን ለከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለሆስፒታሎች አስቀድሞ መድረሱ፤ ነፋስ የሚያሳይ ጨርቅ በዘንግ ላይ መሰቀሉ፤ ጥቂት የመተንፈሻ መሣሪያና እሱን መልበስ የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው፤ መጋዘኑ ከመኖሪያ ርቆ መተከሉ ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ፣ ቁጥር 1090/2010፣ ወጥቷል፤ እሱ ግን ስለ ቆሻሻው ነው። አደጋው ደግሞ ከመቆሸሹ በፊት፣ ገና ውድ ዕቃ ሆኖ ቀረጥ ሲተመንለት ያለ ነው። ጉምሩክ ዋጋውን ይጠይቃል። ዋጋውን ከመጠየቅ ጋር አብሮ ለማን እንደሆነና ቢፈስ ማን እንደሚደርስለት መጠየቅ አንድ ገጽ ወረቀት ይጨምራል።

እስከዚያው መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ልንገር። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አደገኛ ዕቃ የጫነ ታንከር ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሊለጠፍበት ይገባል። ፎስጂን 1076 ነው። እንዲህ ያለ ታንከር ተገልብጦ ጭጋግ ሲያወጣ ካዩ ለማየት አይጠጉ፣ ወደ ፈፋ አይውረዱ፣ ምድር ቤትም አይግቡ፤ ከደመናው በጎን ወጥተው ነፋሱ ወደሚመጣበትና ወደ ከፍታው ይሂዱ፤ ስለ ቁጥሩም ለእሳት አደጋ ይንገሩ። የአቃባው ጭነት ቁጥር 1017 ነው።